የቴይሌሪያ ክትባት ዛሬም ሕያው ተውሳክ የሆነው ለምንድን ነው?

ጥያቄ (የእንስሳት ሕክምና ተማሪ)
በመዥገር የሚተላለፈውን ኢስት ኮስት ፊቨር የተባለ የከብት በሽታ ለመከላከል ዛሬም የሚሠራበት ክትባት የበሽታውን አምጪ ተውሳክ፣ ቴይሌሪያ ፓርቫን፣ ከነሕይወቱ ለከብቱ መውጋትና በዚያው ሰዓት ሕመሙ እንዳይጸና በሰውነት ውስጥ ረጅም ጊዜ የሚቆይ ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለ አንቲባዮቲክ መስጠት መሆኑን ስማር ግር አለኝ። ዘዴው እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ ኬንያ፣ ሙጉጋ ውስጥ የተቀመረ ነው፤ የተውሳኩ ሙሉ የዘረመል ቅደም ተከተል ደግሞ በ2005 ታትሟል። ታዲያ አንድ ፕሮቲን መርጦ ለአያያዝ የማያስቸግር ክትባት ማዘጋጀት ይህን ያህል ለምን ከበደ? ተውሳኩን ገድሎ መውጋትስ ለምን አይበቃም? የምታውቁ ብታብራሩልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ 1 (የበሽታ መከላከል ጥናት ባለሙያ)
ችግሩ ያለው ተውሳኩ በሚደበቅበት ቦታ ላይ ነው። መዥገሯ ደም ስትመጥ ከምራቋ ጋር ወደ ከብቱ የሚገባው ስፖሮዞይት የተባለው የተውሳኩ የዕድገት ደረጃ በደቂቃዎች ውስጥ ነጭ የደም ሕዋስ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ሺዞንት ወደሚባለው ቀጣይ ደረጃ ተለውጦ ያንን ሕዋስ እንደ ካንሰር ሕዋስ ያለ ማቋረጥ እንዲከፋፈል ያደርገዋል፤ ሕዋሱ ለሁለት በተከፈለ ቁጥርም ተውሳኩ አብሮ ስለሚከፈል ወደ ውጭ መውጣት ሳያስፈልገው ይበዛል። በታመመ ከብት ላይ ከጆሮ ሥር ያለው ንፍፊት አብጦ የሚታየው በዚሁ ምክንያት ነው። በደም ውስጥ ያለ አንቲቦዲ (ተውሳክ ላይ የሚጣበቅ የመከላከያ ፕሮቲን)፣ መጠኑ የቱንም ያህል ቢበዛ፣ ሕዋስ ውስጥ የተቀመጠውን አይደርስበትም። ከበሽታው የዳነን ከብት በዋናነት የሚጠብቁት የተበከለውን ሕዋስ ለይተው የሚገድሉ ቲ ሕዋሳት ሲሆኑ፣ የሞተ ተውሳክ እነርሱን በሚገባ አያነቃም።

የፕሮቲን ክትባት አልተሞከረም ማለት ግን አይደለም። ፒ67 የሚባለው በስፖሮዞይቱ ገጽ ላይ ያለ ፕሮቲን በሙከራ ጣቢያ ከተከተቡት ከብቶች ከፊሎቹን ከከባድ ሕመም አድኗል፤ በመስክ ግን ውጤቱ ቀንሷል። አንቲቦዲው ሥራውን መጨረስ ያለበት በእነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ በመሆኑ ይህ ብዙም አያስደንቅም። የሺዞንት ፕሮቲኖችን ለቲ ሕዋሳት ማሳየት ደግሞ ሌላ እንቅፋት አለው፤ የእያንዳንዱ ከብት ቲ ሕዋሳት የትኛውን ፕሮቲን እንደሚያነጣጥሩ የሚወስነው በዘር የወረሰው የሕብረ ሕዋስ ዓይነት ስለሆነ፣ አንዷን ላም የጠበቀ ፕሮቲን አጠገቧ ላለችው ላይሠራ ይችላል። በሙጉጋው ክትባት ውስጥ ሙጉጋ፣ ኪያምቡ 5 እና ሴሬንጌቲ የተባሉት ሦስት ዝርያዎች የተቀላቀሉትም አንድ ዝርያ ብቻውን ከሌሎቹ ሁሉ ስለማይከላከል ነው።

መልስ 2 (በመስክ የሚሠራ የእንስሳት ሐኪም)
በተባለው እስማማለሁ፤ እኔ የምጨምረው የሥራውን ጣጣ ነው። ክትባቱን ለማዘጋጀት የተበከሉ መዥገሮች ለጥቂት ቀናት ጥንቸል ላይ ተጣብቀው ደም እንዲመጡ ይደረጋል፤ በምራቅ ዕጢያቸው ውስጥ ያለው ተውሳክ የሚበስለው ያን ጊዜ ነውና። ከዚያ ተፈጭተው፣ ተጣርተው፣ በፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ይቀመጣሉ። መዥገር እየፈጩ ክትባት መሥራት ለዘመኑ የማይመጥን ቢመስልም፣ ይህን የሚተካ የተሻለ መንገድ እስካሁን ሥራ ላይ አልዋለም። ናይትሮጅኑ ካለቀ ክትባቱም አለቀ ማለት ነው፤ አንዴ ከቀለጠ በኋላም በሰዓታት ውስጥ መወጋት አለበት።

በእኔ እይታ የበለጠ ጥንቃቄ የሚሻው ግን መድኃኒቱ ነው። ኦክሲቴትራሳይክሊኑ በክብደት ተለክቶ ካልተሰጠና በዓይን ግምት ብቻ ከተወጋ፣ ክብደቱ የተናቀው ትልቅ በሬ ከክትባቱ ራሱ ሊታመም ይችላል። በተጨማሪም የተከተበ ከብት ተውሳኩን ይዞ ሊቆይና ለመዥገር ሊያስተላልፍ ስለሚችል፣ የክትባቱ ዝርያ በሌለበት አካባቢ ክትባቱን ከመጀመር በፊት በጥብቅ ማሰብ ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ሆኖ አንድ ጊዜ የተወጋ ከብት ለረጅም ጊዜ ስለሚጠበቅ አልተውነውም።

ጠያቂው
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የፓርቫ ዘመድ የሆነውን ቴይሌሪያ አኑላታን፣ ተውሳኩን በያዘና በላቦራቶሪ በተዳከመ ሕዋስ መከላከል ከተቻለ፣ ለፓርቫ ለምን አልሆነም? ተውሳኩን ትቶ መዥገሯን ራሷን በክትባት ማጥቃትስ አይቻልም?

መልስ 3 (የጥገኛ ተውሳክ ተመራማሪ)
ከመጀመሪያው ልጀምር። አኑላታ ያለበት ሕዋስ ለወራት በላቦራቶሪ ሲባዛ ይዳከማል፤ ለሌላ ከብት ሲወጋም ሺዞንቱ በቀላሉ ወደ ተቀባዩ ሕዋሳት ይሻገራል። ፓርቫ ግን ይህን የሚያደርገው እጅግ በጣም አልፎ አልፎ ስለሆነ፣ የባዕድ ከብት ሕዋስ መሆኑ ታውቆ ከነተውሳኩ ይወገዳል፤ ክትባቱም ሳይጀምር ያልቃል። በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ የሚኖረው ሌላው በመዥገር የሚተላለፍ የከብት ተውሳክ፣ ባቤዚያ ቦቪስ፣ በአንጻሩ አውስትራሊያ ውስጥ ጣፊያቸው በቀዶ ሕክምና በወጣላቸው ጥጆች ላይ ደጋግሞ በማሳለፍ ተዳክሞ ክትባት ሆኗል፤ ጥጆች በዕድሜያቸው መጀመሪያ በሽታውን በተፈጥሮ ስለሚቋቋሙ መከተብ የሚመረጠውም ያኔ ነው።

ወደ መዥገሯ ስንመጣ፣ ቢኤም86 የተባለውን የመዥገር አንጀት ፕሮቲን የያዘ ክትባት በ1990ዎቹ በአውስትራሊያና በኩባ ለገበያ ቀርቧል። እዚህ ላይ አንቲቦዲ በትክክል ይሠራል፤ መዥገሯ ከደሙ ጋር ስለምትመጠው አንጀቷን ይጎዳል፣ የምትጥለውንም እንቁላል ይቀንሳል። ነገር ግን ፕሮቲኑ በአንጀቷ ውስጥ የተሸሸገ በመሆኑ የመዥገር ንክሻ የከብቱን መከላከያ አያድስም፤ ስለዚህ ክትባቱን በየጊዜው መድገም ግድ ነው። የተሠራውም ዕድሜዋን በአንድ ከብት ላይ ለምታሳልፈው ራይፒሴፋለስ ማይክሮፕለስ ለተባለችው መዥገር ሲሆን፣ ፓርቫን የምታስተላልፈው ቡናማዋ የጆሮ መዥገር ግን በየዕድገት ደረጃዋ ከከብት ወርዳ ሌላ ላይ የምትወጣ ናት። ክትባት የተከተበ ከብት ላይ ብትጣበቅ እንኳ ጉዳቱ ሳይገድላት በፊት ተውሳኩን ታስተላልፋለችና፣ ይህ ክትባት የመዥገሩን ብዛት ለመቀነስ እንጂ ኢስት ኮስት ፊቨርን ለመከላከል አይተካም።