የታርጋ ክፍያ ለበጎ አድራጎት፦ አሠራሩ እንዴት ነው? ጅማ ላይስ ምኑን መውሰድ ይቻላል?

የሂርማታው (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። አሜሪካ ውስጥ ባለመኪናው በዓመት ጥቂት ዶላር ጨምሮ ለየት ያለ ታርጋ ይወስዳል፤ ጭማሪው ለሕክምና፣ ለትምህርት ወይም ለዱር እንስሳት ጥበቃ ይውላል ይባላል። አሠራሩን ከሥር ከመሠረቱ የሚያውቅ ሰው ቢያስረዳን ደስ ይለናል።

የምንጠይቀው ለሥራ ነው። እዚህ ጅማ የባጃጅና የቤት መኪና ባለቤቶች ያሉበት ኮሚቴ አለ። ከኢሉባቦር፣ ከከፋና ከቤንች በኩል ሪፈር ተጽፎላቸው የሚመጡ ሕመምተኞች አስታማሚ ማደሪያና ምግብ ያጣል። ለዚህ የሚሆን፣ አንዴ ተዋጥቶ የሚያልቅ ሳይሆን በየዓመቱ የሚመጣ ገቢ ነው የምንፈልገው።

ከሚከፈለው ስንቱ ለዓላማው ይደርሳል? ገንዘቡ በማን እጅ ያልፋል? የሚከሽፈውስ የት ላይ ነው? እኛስ ታርጋ ባናወጣ ሌላ ምን ማድረግ እንችላለን?

ቦሎና ታርጋ

መጀመሪያ ሁለት ነገር እንለይ፤ ብዙ ሰው ያደባልቃቸዋል። ባለቤቱ የመረጠው ስም ወይም ቃል የሚጻፍበት ታርጋ አንድ ነው። ለአንድ ዓላማ ተብሎ ሥዕልና መፈክር የሚታተምበት ደግሞ ሌላ ነው። የአንተ ጥያቄ ሁለተኛውን ይመለከታል። (ካሊፎርኒያ የመጀመሪያውንም ዓይነት ገንዘብ ከ1970 ጀምሮ ለአካባቢ ጥበቃ ፈንድ ታውለዋለች። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የዓላማ ታርጋ የሚጀምረው ከሕግ ነው። ፍሎሪዳን እንውሰድ። ቻሌንጀር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር በጥር 1986 ከፈነዳች በኋላ፣ በ1987 ለጠፈርተኞቹ መታሰቢያ የመጀመሪያውን የዓላማ ታርጋ አወጣች። ዛሬ አዲስ ታርጋ የሚፈልግ ድርጅት መጀመሪያ በግዛቱ ምክር ቤት ማስጸደቅ አለበት። ዓመታዊ ክፍያው ስንት እንደሆነ፣ ገንዘቡ ለማን እንደሚሄድና ለምን እንደሚውል እዚያው ሕጉ ላይ ይሰፍራል። ታርጋው ከመሠራቱ በፊት ደግሞ 3,000 ሰው ቀድሞ ከፍሎ ኩፖን መያዝ አለበት፤ የሚሰጠው ጊዜ 24 ወር ነው። ካልሞላ ታርጋው አይወጣም፤ የከፈለው ሰው ገንዘቡ ይመለስለታል ወይም ወደ ሌላ ታርጋ ያዞረዋል። ካሊፎርኒያ የምትጠይቀው 7,500 ቅድሚያ የተከፈለበት ማመልከቻ ነው፤ ቨርጂኒያ 450 ይበቃታል። ቁጥሩ ይለያይ እንጂ ሐሳቡ አንድ ነው፤ ገዢው ሳይታወቅ ቆርቆሮ አይቆረጥም።

ገንዘቡ የሚሰበሰበው የመኪናው ምዝገባ በሚታደስበት ቀን ነው። ሰውየው ለልገሳ ብሎ ሌላ ቢሮ አይሄድም። የዓመት ክፍያውን ሲከፍል ጭማሪው አብሮ ይቆረጣል፤ ትቶት ካልወጣ በቀር በሚቀጥለው ዓመትም እንዲሁ። ፍሎሪዳ ላይ እድሳቱ በባለቤቱ የልደት ቀን ስለሆነ ገንዘቡ ዓመቱን ሙሉ ይንጠባጠባል እንጂ አንድ ወር ላይ ጎርፎ አይደርቅም። በእኔ አስተያየት የአሠራሩ ጉልበት ሥዕሉ ላይ ሳይሆን እዚህ ላይ ነው።

ድርሻውን በተመለከተ ሦስት ምሳሌ ልስጥህ። ቴክሳስ ላይ ብዙዎቹ የዓላማ ታርጋዎች በዓመት 30 ዶላር ናቸው፤ 22ቱ ለዓላማው ይሄዳል፣ 8ቱ መንግሥት ጋ ይቀራል። ካሊፎርኒያ የዓሣ ነባሪ ጅራት የተሣለበት ታርጋ አላት፤ መጀመሪያ 50 ዶላር፣ ከዚያ በየዓመቱ 40 ይከፈልበታል። ከገቢው የባሕር ዳርቻ ጥበቃ ኮሚሽኑ ለጽዳትና ለትምህርት ሥራ ድጎማ ያከፋፍላል። የቨርጂኒያውን ግን በደንብ እየው። ገቢ የሚጋራው ታርጋ በዓመት 25 ዶላር ነው፤ ድርጅቱ 15ቱን የሚያገኘው ከመጀመሪያዎቹ 1,000 ታርጋዎች በላይ ላለው ብቻ ነው። 1,500 ታርጋ ከተያዘ 500 ሲባዛ በ15፣ ማለትም 7,500 ዶላር ያገኛል። 900 ብቻ ከተያዘ ምንም አያገኝም። ስለዚህ «ሃያ አምስት ዶላር ለእርዳታ» የሚለውን ሰምቶ ማባዛት ያሳስታል።

የሚከሽፍበትም የታወቀ ነው። አንዱ የተጠቃሚ ማነስ ነው፤ ፍሎሪዳ ላይ አንድ ታርጋ 12 ተከታታይ ወር ከ3,000 በታች ከሆነ ይቋረጣል። ሌላው መብዛት ነው፤ ዓይነቱ ሲበዛ ገቢው ይከፋፈላል፣ ፖሊስም ታርጋውን በሩቁ መለየት ይቸግረዋል። ፍሎሪዳ በ150 ዓይነት የገደበችው በዋዛ አይደለም። ከሁሉ የከፋው ግን ገንዘቡ ከዓላማው ሲወጣ ነው። ከመስከረም 2001ዱ ጥቃት በኋላ ካሊፎርኒያ የመታሰቢያ ታርጋ ሸጠች። ከፋዩ ገንዘቤ ለሟቾች ልጆች ትምህርትና ለጸረ ሽብር ሥራ ይውላል ብሎ ከፈለ። በኋላ ግን የግዛቱ በጀት ሲጎድል ከዚያ ፈንድ 3 ሚሊዮን ዶላር በብድር ስም ተወሰደ። ለብቻው የተከፈተ ሒሳብ እንኳ፣ ገንዘቡ እንዳይነካ የሚከለክል ቃል አብሮት ካልተጻፈ ይነካል።

የሰነድ ሰው

ከላይ የተጻፈው ትክክል ነው። እኔ ወደ እኛ አገር ላምጣው።

ኮሚቴያችሁ ታርጋ ማውጣት አይችልም። ተሽከርካሪ የሚመዘገበውና ታርጋ የሚሰጠው በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት በመንግሥት አካል ብቻ ነው። ለዓመታት የምናውቃቸው ኮዶችም (1 ቀይ ለታክሲ፣ 2 ሰማያዊ ለግል፣ 3 አረንጓዴ ለንግድ፣ 4 ጥቁር ለመንግሥት) የተሽከርካሪውን አገልግሎት ይለያሉ እንጂ የባለቤቱን ፍላጎት አያሳዩም። ታርጋው ላይ መለጠፍ፣ ጠርዙን የሚሸፍን ፍሬም ማሠር፣ ቀለም መቀባት አይታሰብ። ትራፊክ ያስቆማችኋል፣ ያስቆመውም በትክክል ነው።

ሆኖም ከተሽከርካሪ ተሰብስቦ ለተለየ ዓላማ የሚውል ገንዘብ ለኛ አዲስ አይደለም። የመንገድ ፈንድ ከነዳጅ ላይ ከሚቆረጥ ክፍያና ከተሽከርካሪ ዓመታዊ እድሳት ያገኛል፤ ለመንገድ ጥገና ይውላል። የሦስተኛ ወገን መድኑም እንዲሁ ነው። በአዋጅ 799/2005 የተጎዳ ሰው በሕግ እስከተወሰነው መጠን ድረስ የድንገተኛ ሕክምና ያገኛል፤ ገጭቶ ባመለጠ መኪና ለተጎዳው ደግሞ የመድን ፈንዱ አለ። እነዚህ ግዴታ ናቸው፣ የአሜሪካው ታርጋ ውዴታ ነው። የናንተም ውዴታ ሆኖ መቅረት አለበት።

አሁን ደግሞ ማን ይሰብስብ? የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 ዕድርንና ዕቁብን አይመለከትም። ዕድር ለአባሉ ከአባሉ ይሰበስባል፤ ከከተማው ባለመኪና ሁሉ ለሦስተኛ ሰው መሰብሰብ ግን ሌላ ሥራ ነው። የኔ ምክር፦ ወይ ራሳችሁን በአዋጁ መሠረት አስመዝግቡ፣ ወይም ቀድሞ ከተመዘገበ በጎ አድራጎት ድርጅት ጋር ውል ተዋዋሉና ደረሰኙ በእሱ ስም ይሁን። ሁለተኛው ይፈጥናል። ከሕዝብ መሰብሰብ ሳትጀምሩ የሚመለከተውን ባለሥልጣን በጽሑፍ ጠይቁ፣ የመልሱን ቅጂ ያዙ። ያው አዋጅ የአስተዳደር ወጪን በ20 በመቶ ይገድባል፤ ውሉ ላይ ከዚያ ያነሰ ቁጥር ብታስገቡ ሰው ይበልጥ ያምናችኋል።

በውሉ ላይ የማይቀሩ ነገሮች አሉ። ሒሳቡ ለብቻው ይከፈት፤ ፈራሚ ሦስት ይሁን፣ ቢያንስ ሁለቱ ሳይፈርሙ ገንዘብ አይውጣ፤ ከዚህ ሒሳብ ለሌላ ሥራ በብድርም ቢሆን አይወሰድ። እንዲሁም ኮሚቴው ቢፈርስ ቀሪው ገንዘብ ለማን እንደሚሄድ ዛሬውኑ ይጻፍ። ይህን የመጨረሻውን ሰው ይዘለዋል፤ ጠቡ የሚነሣው ግን ከዚያ ነው።

አባ ቡና

ዱባይ እኮ ታርጋ በጨረታ ሸጠው ነው ድሃ የሚያበሉት። በ2023 «ፒ 7» የተባለው ታርጋ 55 ሚሊዮን ድርሃም አውጥቷል። ጅማ ላይስ ቀላል ቁጥሮችን ማጫረት አይቻልም?

የሰነድ ሰው

አባ ቡና፣ እውነት ነው፤ ያ ገንዘብ ለአንድ ቢሊዮን ማዕድ ዘመቻ ነው የገባው። ግን እዚያ ቁጥሩን ለጨረታ ያቀረበው ቁጥር የመስጠት ሥልጣን ያለው መንግሥት ራሱ ነው። እዚህም ሐሳቡ መቅረብ ያለበት ለክልሉ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ነው እንጂ ኮሚቴ ብቻውን የሚያደርገው አይደለም። ደግሞም ጨረታ አንድ ቀን ብዙ ያመጣል፣ በሚቀጥለው ዓመት የለም። የሂርማታው የጠየቀው በየዓመቱ የሚመጣ ነገር ነው።

የሂርማታው (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ፣ በጣም ጠቅማችሁናል። ስለዚህ ወደ ስቲከር ልናዘነብል ነው፤ የመስተዋት ስቲከር፣ በየዓመቱ የሚታደስ። የአሠራሩን ዝርዝር የሚያውቅ ካለ ይጨምርልን። ስንት እናሳትም? ምን ዓይነት?

ማተሚያ ቤት ሰፈር

ከሒሳቡ ልጀምር። ቁጥሮቹ ምሳሌ ናቸው፤ የሰፈራችሁን ዋጋ ተኩባቸው። ስቲከሩ 150 ብር፣ የአንዱ ሕትመት 30 ብር ነው እንበል። 700 አሳትማችሁ 600 ከተሸጠ 90,000 ይገባል፣ ሕትመቱ 21,000 ይወስዳል፣ 69,000 ይተርፋል። 700 አሳትማችሁ 200 ብቻ ቢሸጥ ግን 30,000 ገብቶ የሚተርፈው 9,000 ነው፤ ቀሪው 500 ስቲከር ዓመቱ ሲያልፍ ወረቀት ነው። የአሜሪካኖቹ የቅድሚያ ክፍያ ሕግ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ 300 ሰው በደረሰኝ ይክፈል፣ ከዚያ 330 ይታተም፤ ትርፉ 30 ለሚበላሸው ነው። በተባለው ቀን 300 ካልሞላ ገንዘቡ እንደሚመለስ ደረሰኙ ላይ ይጻፍ።

ዋናው ስቲከር አንዴ ተለጥፎ ይቆይ፤ በየዓመቱ የሚቀየረው ጥጉ ላይ የሚለጠፍ፣ ዓመተ ምሕረቱ የተጻፈበት ትንሽ ስቲከር ብቻ ይሁን። አሜሪካም ውስጥ በብዙ ግዛቶች ታርጋው አይቀየርም፣ የዓመቱ ተለጣፊ ነው የሚቀየረው። የትንሹ ቀለም በየዓመቱ ይለያይ፤ ያኔ ማን እንዳደሰ ከርቀት ይታያል፣ ማንም ማንንም መጠየቅ አያስፈልገውም።

ዕቃው ቪኒል (ፕላስቲክ) ይሁን፣ ላዩ ላሚኔት የተደረገ (በስስ ፕላስቲክ የተሸፈነ)። ላሚኔት የሌለው ቀለም ፀሐይ ላይ ቶሎ ይገረጣል። ባጃጅ ጎኑ ክፍት ስለሆነ የጅማ ዝናብና አቧራ ውስጥ ድረስ ይገባል። ማጣበቂያው በፊቱ በኩል ሆኖ ከመስተዋቱ ውስጥ ወደ ውጭ የሚነበበውን እዘዙ፤ ከውጭ የሚለጠፈው በመኪና እጥበት ጠርዙ ይነሣል። መጠኑ 8 በ8 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ቦታው ከታች፣ ከሾፌሩ እይታ ወጣ ብሎ ነው። ቅርጹም ቀለሙም ከቦሎና ከሦስተኛ ወገን ስቲከር ጋር ጭራሽ አይመሳሰል፣ አጠገባቸውም አይለጠፍ።

አለጣጠፉ ላይ ብዙ ይበላሻል። መስተዋቱን በአልኮል ጥረጉ፣ እስኪደርቅ ጠብቁ። በክረምት ጠዋት መስተዋቱ ጤዛ ስላለው አይያዝም፤ ከረፋዱ በኋላ ይሁን። ማጣበቂያውን የሸፈነውን ወረቀት በአንዴ ሙሉ አትላጡት፤ ከአንድ ጠርዝ ሁለት ጣት ያህል ልጣችሁ አጣብቁ፣ ከዚያ ቀሪውን እየሳባችሁ በመታወቂያ ካርድ ከመሐል ወደ ዳር አየሩን ግፉ።

እያንዳንዱ ስቲከር ተከታታይ ቁጥር ይኑረው፤ ያው ቁጥር ደረሰኙ ላይና መዝገቡ ላይ ከተሽከርካሪው ታርጋ ጋር ይጻፍ። ክፍያው በባንክ ወይም በቴሌብር በቀጥታ ወደ ሒሳቡ ይግባ። ሻጩ ጥሬ ገንዘብ ከያዘ፣ ሰውየው ታማኝ ቢሆን እንኳ፣ በወሩ መጨረሻ የሚነሣውን ጥያቄ መመለስ ያቅተዋል። የገባው፣ የወጣውና የቀረው ስቲከር ብዛት በየወሩ ባጃጅ ተራው ላይ ይለጠፍ።

አንድ ነገር ግን እለምናችኋለሁ። ባጃጁን የሚነዳው ብዙ ጊዜ ባለቤቱ አይደለም፤ የቀን ገቢ የሚያስገባ ልጅ ነው። ከፋዩ ባለቤቱ ይሁን። ተራ አስከባሪ ደግሞ ስቲከር የሌለውን ተራ እንዳይከለክል ከመጀመሪያው ቀን በጽሑፍ ይነገረው። ስቲከሩ የተራ መግቢያ ከሆነ ልገሳነቱ ያበቃል፣ ሹፌሮቹም ይጠሉታል፣ በሁለተኛው ዓመት የሚያድስ አታገኙም።

ቦሎና ታርጋ

በማተሚያ ቤት ሰፈር ላይ አንድ ልጨምር። የእድሳቱን ጊዜ ቦሎ ከሚታደስበት ሰሞን ጋር አገጣጥሙት። ሰው ሰነዱን አውጥቶ፣ ገንዘቡን ይዞ የሚወጣበት ጊዜ እሱ ነው። ምርመራ የሚደረግበት አካባቢ ጠረጴዛ ለማቆም የቦታውን ባለቤት በደብዳቤ አስፈቅዱ። ካልተፈቀደም የክፍያ ቁጥሩን የያዘ አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል።

የሂርማታው (ጠያቂ)

ገባን። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ባጃጁ ቢሸጥ ስቲከሩ ከማን ጋር ይሄዳል?

ቦሎና ታርጋ

ፍሎሪዳና ካሊፎርኒያ ላይ ታርጋው ከባለቤቱ ጋር ይሄዳል፤ ወደ ሌላ መኪናው ያዞረዋል። የናንተ ስቲከር ግን ሲላጥ ይቀደዳል፣ ስለዚህ ከባጃጁ ጋር ይቅር። መዝገቡ በታርጋ ቁጥር የተያዘ ስለሆነ የሚቀየረው ስምና ስልክ ብቻ ነው። ሻጩ ሌላ ተሽከርካሪ ከገዛ የዚያ ዓመት ምትክ በሕትመት ዋጋ፣ በምሳሌው 30 ብር፣ ይሰጠው። ለሚበላሸው የታተመው ትርፍ 30 ለዚህም ያገለግላል።