ሌሊት ትንፋሹ ይቋረጣል፤ ቀዶ ጥገናውን እሺ ልበል?

የማሙሽ እናት (ባሕር ዳር)

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ይህን የምጽፈው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው። ማሙሽ አጠገቤ ተኝቷል። ዳውን ሲንድረም አለው፤ ባለፈው ሳምንት 4 ዓመት ሞላው።

ማንኮራፋት የጀመረው ገና ዓመት ሳይሞላው ነው። ለመድነው። አማቴማ ሲያንኮራፋ ሲሰሙ «እፎይ፣ ጥሩ እንቅልፍ ወሰደው» ይሉ ነበር። አሁን ግን ሌላ ነገር መጣ። ሲያንኮራፋ ቆይቶ ድንገት ጸጥ ይላል። ደረቱ ይነሣል ይወርዳል፣ አየር ግን አይገባም። እኔ መቁጠር እጀምራለሁ። አንዳንዴ 12 እደርሳለሁ። ከዚያ ከጣና ውስጥ ብቅ እንዳለ ዋናተኛ አየሩን በኃይል ስቦ ይባንናል። ወዲያው ደግሞ ይተኛል።

አተኛኘቱም ግራ ያጋባል። ቁጭ ብሎ፣ እግሩን አጣጥፎ፣ ወደ ፊት ድፍት ብሎ ነው የሚተኛው። አስተካክዬ ባስተኛውም ትንሽ ቆይቶ ያው ነው። ትራሱ በላብ ይርሳል። የባሕር ዳር ሙቀት ነው ብዬ ነበር፣ ግን በሐምሌ ዝናብም ያው ነው። ጠዋት ይነጫነጫል። መዋዕለ ሕፃናት ደግሞ ገና ረፋዱ ላይ ያንቀላፋል ይሉኛል።

መጀመሪያ የወሰድኩበት ክሊኒክ «እነዚህ ልጆች ተፈጥሯቸው ነው» ብለው መለሱኝ። አምኜ ስድስት ወር ዝም አልኩ። ይህ እስካሁን ያንገበግበኛል። አሁን ሌላ ሐኪም አይተውት ቶንሲሉና አዴኖይዱ (ከአፍንጫ ኋላ ያለው እጢ) አብጧል፣ መውጣት አለበት አሉ። ሲወለድ ልቡ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ነበረችው፤ በራሷ ተዘግታለች። ቢሆንም ማደንዘዣው አስፈራኝ። አማቴ ደግሞ «እንጥሉ ነው፣ እናስቆርጠው» እያሉ ነው። ባለቤቴ ለሥራ ጎንደር ነው፣ ማታ ማታ ብቻዬን ነኝ። ያሳለፋችሁት ምን አደረጋችሁ? እስከዚያስ ሌሊቱን እንዴት ልግፋው?

የሚጣ እናት (ሹም አቦ)

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት እንጥሉን እንዳታስነኪው። እለምንሻለሁ። መንገዱን የዘጋው እንጥል አይደለም። በምላጭ የሚቆረጥ ልጅ ደም ይፈስሰዋል፣ ቁስሉ ይመረቅዛል፣ ቴታነስም አለ። የጎረቤታችን ልጅ በዚሁ ደም ፈስሶት በስንት መከራ ተርፏል።

የኔዋ አሁን 7 ዓመቷ ነው። ቶንሲሏና አዴኖይዷ የወጣው በ5 ዓመቷ ነው። ለሐኪም በቃል ብነግር ብነግር «ታንኮራፋለች» ከሚለው አላለፈም ነበር። አንድ ሌሊት በስልኬ ቀረጽኳት። ልብሷን እስከ ደረቷ ገልጬ፣ መብራት አብርቼ፣ ድምፁ እንዲሰማ ቀረብ ብዬ። ሐኪሙ ሁለት ደቂቃ አየና ሪፈር ጻፈ። አንቺም ዛሬውኑ ቅረጪው።

ከቀዶ ጥገናው በፊት የልብ ኤኮ (ልብን በድምፅ ሞገድ የሚያሳይ ምርመራ) እና የታይሮይድ የደም ምርመራ ተደረገላት። አንድ ነገር ግን አንቺ ራስሽ ንገሪያቸው። ዳውን ሲንድረም ያላቸው የኛ ልጆች የአንገታቸው የላይኛው አጥንት ልል ሊሆን ይችላል፤ ሲያደነዝዟቸው ጭንቅላታቸውን በኃይል ወደ ኋላ ማጠፍ የለባቸውም። ማደንዘዣ ሰጪውን «አንገቷን አደራ» አልኩት። አልተቆጣኝም፣ አመሰገነኝ እንጂ። የዚያን ቀን ወደ ቤት ልውሰድ እንዳትዪም። ሌሊቱን ኦክስጅኗ እየታየ ሆስፒታል ነው ያደረችው።

አራት ቀን ምግብ እምቢ አለች። ቀዝቀዝ ያለ አጥሚትና እርጎ በማንኪያ ጠብ እያደረግሁ አለፍን። አፏም ለሁለት ሳምንት ገደማ ይሸታል፣ አትደንግጪ። ቤት የገባን ሌሊት ጸጥ ብላ ስትተኛ እኔ ደንግጬ ደረቷ ላይ እጄን ጭኜ አደርኩ። አምስት ዓመት ሙሉ ጸጥታዋን ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ነርስ ነኝ

ለማሙሽ እናት፦ 12 መቁጠርሽ ቀላል አይደለም። በሕፃን ላይ ሁለት ትንፋሽ ያህል መዝለሉ ራሱ ይቆጠራል።

ዳውን ሲንድረም ያላቸው ልጆች የመሃል ፊታቸው ጠበብ ያለ ነው። ጡንቻቸው ይላላል፤ ሲተኙ ምላሳቸው ወደ ኋላ ይሄዳል። ትንሽ ያበጠ ቶንሲል ሲጨመርበት መንገዱ ይዘጋል። ስለዚህ «ተፈጥሯቸው ነው» መባሉ ለመመርመር ምክንያት ነው እንጂ ለመተው አይደለም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ቢያንኮራፉም ባያንኮራፉም 4 ዓመት ሳይሞላቸው የእንቅልፍ ምርመራ ይደረግላቸው ይላል። ሙሉ ምርመራው በማይገኝበት ቦታ ጣት ላይ የሚደረገው ኦክስጅን መለኪያ ሌሊቱን ሙሉ ሲመዘግብ ማደሩም ብዙ ይነግራል። ይህን ጠይቂ። ዝም ከተባለ በሳንባ ውስጥ ያለው የደም ግፊት ይጨምርና ልብን ያደክማል። ልቡ ላይ ቀዳዳ ለነበረበት ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

እስከዚያ በጎኑ አስተኚው። ከሰልም ዕጣንም ከሚተኛበት ክፍል ይውጣ። እንቅልፍ እንዲወስደው ብለሽ የሚያደነዝዝ የሳል ሽሮፕ እንዳትሰጪው፤ ጡንቻውን ይበልጥ ያላላዋል። ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም አልነቃ ካለ ግን ሊነጋ ነው ብለሽ አትጠብቂ፣ ይዘሽው ውጪ።

አባት ከዘጌ

አይዞሽ ልጄ። የኔ ልጅ 9 ዓመቱ ነው። ቶንሲሉ ወጥቶለትም ከዓመት በኋላ ማንኮራፋቱ ተመለሰ። ይህን የምነግርሽ ላስፈራሽ ሳይሆን ከቀዶ ጥገናው በኋላም መከታተሉን እንዳትተዪ ነው። አሁን ሲፓፕ በሚሉት ማሽን ነው የሚተኛው፤ አፍንጫው ላይ በሚታሰር ጭንብል አየር ይገፋለታል። ዘመድ ነው ከውጭ ያመጣልን። ጭንብሉን መጀመሪያ አሽቀንጥሮ ጣለው። እናቱ ቀን ቀን ለአሻንጉሊቱ ታስርለት ጀመር፣ ቀጥሎ ለኔ፣ በመጨረሻ ለራሱ። ሦስት ሳምንት ፈጀ። መብራት ሲጠፋ ባትሪ አለን፤ እሱም ሲያልቅ በየተራ እንጠብቀዋለን።

አማትሽን አትጣያቸው። አንድ ሌሊት አጠገቡ ይደሩ። እሳቸው ይቁጠሩ።

የማሙሽ እናት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት እንደተባልኩት አደረግሁ። አማቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። 11 ሲደርሱ መቁጠሩን ትተው «ማሙሽ! ማሙሽ!» ብለው ጮኹ። ከዚያ በኋላ ስለ እንጥል አልተነሣም። ጠዋት ዕጣን ማጨሻውን ራሳቸው ወደ በረንዳ አወጡት።

ሦስት ቪዲዮ ቀርጫለሁ። ሰኞ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ይዤው እሄዳለሁ፣ አማቴም አብረውኝ ናቸው። የአንገቱንና የኦክስጅን መለኪያውን ጉዳይ ወረቀት ላይ ጽፌያለሁ። እስኪያደነዝዙት ድረስ እጁን ይዤ መቆየት ይፈቀድልኝ እንደሆነም እጠይቃለሁ፤ እንግዳ ሰው ሲነካው ያለቅሳል። የሚጣ እናት፣ ያንቺን ፈቅደውልሽ ነበር?