የቃላት ቡድናችን ከቴሌግራም ይውጣ ወይስ ይቆይ?

አስተባባሪው፦

የሳይንስና የቴክኖሎጂ ቃላትን ወደ አማርኛ ለመመለስ የተሰባሰብን በጎ ፈቃደኞች እስካሁን የምንወያየው በአንድ የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ነው። ጥቂት አባላት ወደ ዋትስአፕ ወይም ወደ ሲግናል እንድንዛወር ጠይቀዋል። ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ሁሉም ወገን ምክንያቱን ያስረዳ፤ «ለምደነዋል» የሚለውን ግን እንደ ምክንያት አልቆጥረውም።

እንዛወር የሚሉ አባል፣ ከአዲስ አበባ፦

በየካቲት 2015 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ውስጥ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ቲክቶክና ቴሌግራም ሲታገዱ እስከ ሐምሌ ድረስ አገር ቤት ያለነው አባላት ቪፒኤን ካልከፈትን በቀር ወደ ቡድኑ መግባት አልቻልንም፤ ብዙዎቹም በዚያው ቀሩ። ዋትስአፕ በዚያ ጊዜ ይሠራ ነበር። ሁለተኛው ምክንያቴ ምስጠራ ነው። ዋትስአፕና ሲግናል የቡድን መልእክትን ከላኪው ስልክ እስከ ተቀባዩ ስልክ ድረስ መስጥረው ያደርሳሉ፤ ቴሌግራም ግን መልእክትን እንዲህ የሚመሰጥረው «ሚስጥራዊ ውይይት» በሚባለው ብቻ ነው፤ እሱም ለሁለት ሰው ብቻ የተሠራ በመሆኑ ቡድንን አይመለከትም። የቴሌግራም መሥራች ፓቬል ዱሮቭ በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ፈረንሳይ ውስጥ ከታሰረ በኋላም፣ ኩባንያው ሕጋዊ ጥያቄ ሲቀርብለት ሕግ የጣሱ ተጠቃሚዎችን የስልክ ቁጥርና የአይፒ አድራሻ (ከየትኛው የኢንተርኔት መስመር እንደገቡ የሚያሳይ ቁጥር) ለባለሥልጣናት እንደሚሰጥ አስታውቋል።

መዝገብ ያዧ፦

ወንድሜ፣ የእኛ ምስጢር ምንድን ነው? «ሞገድ» እንበል ወይስ «ማዕበል» ብለን ሦስት ሳምንት የተከራከርነውን ማንም ቢያነብብን ደስ ይለኛል። እኔን የሚያሳስበኝ የተነጋገርነው ነገር የት እንደሚቀር ነው። በቴሌግራም ቡድናችን ዛሬ የገባ አባል የቀደመውን ክርክር ከመጀመሪያው ጀምሮ ማንበብ ይችላል፤ ፊዚክሱም ሕክምናውም በየርእሱ ተለይቶ ተቀምጦለታል። በሲግናል አዲስ ገቢ ከመግባቱ በፊት የተባለውን አያይም፤ በዋትስአፕም የብዙ ዓመቱን ውይይት ወደ ኋላ ሄዶ ማንበብ አይችልም። ስለዚህ በየወሩ የሚመጣው ሰው የተዘጋውን ጉዳይ እንደገና ይከፍተዋል፤ እኛም ያንኑ መልስ ስንደግም እንውላለን።

 የቀደመውን ውይይት በቃል መፈለጉም ይመለከተናል። ማሽኑ የሚያየው ድምፁን ሳይሆን ፊደሉን ስለሆነ፣ አንዳችን «ኃይል» ብለን የጻፍነውን ሌላው «ሀይል» ብሎ ቢፈልግ አያገኘውም፤ «ፀሐይ» እና «ጸሐይ»ም እንዲሁ ናቸው። ይህ የየትኛውም መተግበሪያ ጥፋት አይደለም፤ ስለ አጻጻፋችን ገና ሌላ ክርክር ይጠብቀናል።

በዱባይ የምትኖር አባል፦

ታላላቆቼ በመንግሥትና በኩባንያ ላይ አተኩራችኋል። ከዓመታት በፊት የአባላትን ስልክ ቁጥር ለሁሉም በሚያሳይ አንድ ሌላ ቡድን ውስጥ ነበርኩ። ከአባላቱ አንዱ ቁጥሬን ወስዶ ሌሊት ሌሊት ይደውልልኝ ጀመር፤ ለአሠሪዎቼ ስልኩ ለምን በዚያ ሰዓት እንደሚጮኽ ማስረዳት ስላቃተኝ ቁጥሬን ለመቀየር ተገደድኩ። ምስጠራው የቱንም ያህል የጠነከረ ቢሆን እንዲህ ካለ የቡድን አባል አያድነኝም። በተለመደው የዋትስአፕ ቡድን ቁጥራችን ለሁሉም ይታያል። ቴሌግራም ቁጥርን ለመደበቅ ያስችላል፤ ሲግናልም ከ2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ በተጠቃሚ ስም መገናኘትን ፈቅዷል። በድምፅ ለምናደርገው ስብሰባ ደግሞ የዋትስአፕ ጥሪ እዚህ አገር ለዓመታት ታግዶ የኖረ መሆኑን አስቡልን። ዋትስአፕ ከተመረጠ እኔ እወጣለሁ፤ ይህን የምለው ለማስፈራራት እንዳይመስልብኝ።

እንዛወር የሚሉት አባል፦

እህቴ፣ ይህን አላሰብኩትም ነበር፤ ዋትስአፕን ከሐሳቤ አውጥቼዋለሁ። ሲግናልን ግን አልተውም፤ ነገ ቴሌግራም እንደገና ቢዘጋ መዝገብ ያዧ የሚሳሱለት የዓመታት ውይይት አብሮ ይዘጋብናል።

መዝገብ ያዧ፦

እዚህ ላይ እውነት አለዎት፤ በ2015 ዓ.ም. እኔም ያለቀስኩት ስለዚሁ ነበር። ቢሆንም ሲግናል ብንገባም መዝገቡ በእያንዳንዳችን ስልክ ላይ ተበታትኖ የሚቀር ስለሆነ፣ ስልኩ የጠፋበት አባል መጠባበቂያ ቅጂ ካላስቀመጠ ውይይቱም ይጠፋበታል። እኔ የምለው ወሬውንና መዝገቡን እንለያቸው ነው። ወሬው በቴሌግራም ይቀጥል፤ የተስማማንበት ቃል ግን ከትርጉሙና ከተሸነፉት አማራጮች ጋር በየቅዳሜው ወደ አንድ የጋራ ሠንጠረዥ ይገልበጥ። የኮምፒዩተሩ ቴሌግራም የቡድኑን ታሪክ በሙሉ አውርዶ ለማስቀመጥ ስለሚያስችል፣ በየሦስት ወሩ አንድ ቅጂ አዲስ አበባ፣ አንድ ቅጂ ውጭ አገር ይቀመጥ። ያኔ ቢዘጋብንም በማግስቱ ሲግናልም ሆነ ሌላ ቦታ ሄደን ካቆምንበት እንጀምራለን።

በአሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ አባል፦

እስማማለሁ። የሥራ ቡድኖች የሚወያዩበት ስላክ የተባለው መተግበሪያ ይሻላል ልል አስቤ ነበር፤ ነገር ግን በነፃ ሲጠቀሙበት ከ90 ቀን በላይ የቆየ መልእክት ስለማያሳይ ለመዝገብ አይሆንም። በተረፈ የውጭው ቅጂ እኔ ዘንድ ይቀመጥ።

አስተባባሪው፦

እንግዲህ ለድምፅ የሚቀርበው ጥያቄ ጠቧል፦ በቴሌግራም ቆይተን መዝገቡን ከእሱ ውጭ እናስቀምጥ ወይስ ሙሉ በሙሉ ወደ ሲግናል እንሂድ? ቁጥራችሁን ያልደበቃችሁ ከድምፅ አሰጣጡ በፊት ደብቁ። የቅዳሜውን ግልበጣ ማን ይረከባል ለሚለው እስካሁን እጁን ያወጣ የለም።