ከልጄ ጋር በኦታኮን አንድ ቀን ለማሳለፍ ምን ማወቅ አለብኝ?

ጥያቄ፦ ገበርና ጥልፍ

ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው በሜሪላንድ፣ ስልቨር ስፕሪንግ ነው። አሥራ አምስት ዓመት የሆናት ልጄ በዋሽንግተን ዲሲ በጁላይ መጨረሻ ወይም በኦገስት መጀመሪያ ገደማ በሚካሄደው ኦታኮን በተባለው የአኒሜ (የጃፓን ካርቱን ፊልም) አፍቃሪዎች ኮንቬንሽን ላይ ለመገኘት ከገና ጀምራ ስትለምነን ቆይታለች። ከአባቷ ጋር ተነጋግረን ቅዳሜን እኔ አብሬያት እንድውል ወስነናል። ስለ አኒሜ የማውቀው ግን እርሷ ሳሎን ተቀምጣ ስትመለከት በማለፍ በመግባት ያየሁትን ያህል ብቻ ነው።

በጣም የሚያሳስበኝ ልብሷ ነው። አንዲት ተዋጊ ገጸ ባሕርይ መስላ ለመቅረብ ካባ እየሰፋች፣ ፎም ከሚባለው ስፖንጅ መሰል ነገር ጥሩርና ሰይፍ እየቆረጠች አራት ወር ሆኗታል። እኔ አዲስ አበባ ሳለሁ በልብስ ስፌት የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ሆኖም ለአንድ ቀን ብቻ ለሚለበስ ነገር ይህን ያህል መድከሟ ሊገባኝ አልቻለም፤ እንዳልከለክላትም ትጋቷን አይቼ እሳሳለሁ። ደግሞስ ሰይፍ የሚመስል ነገር ይዞ በባቡር መሄድና ወደ አዳራሽ መግባት ይፈቀዳልን? ዝግጅቱ ፍልሰታ ውስጥ ከዋለስ ምግቡን እንዴት እናደርጋለን? ልጄ ፍልሰታን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሳታስታጉል የምትጾም ናት። ሄዳችሁ ያያችሁ ብትመክሩኝ ትልቅ ውለታ ነው።

መልስ፦ ሻው ሰፈር

እህቴ፣ አብረሻት ለመሄድ መወሰንሽ እጅግ ደስ አሰኝቶኛል። እኔም ከሁለት ልጆቼ ጋር ደጋግሜ የሄድሁ አባት ስለሆንሁ ያየሁትን ልንገርሽ።

ኦታኮን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1994 በፔንሲልቬንያ፣ ስቴት ኮሌጅ በተባለችው የዩኒቨርሲቲ ከተማ ሲሆን ከ1999 እስከ 2016 በባልቲሞር ሲካሄድ ቆይቶ በ2017 ወደ ዋልተር ዋሽንግተን ኮንቬንሽን ሴንተር ተዛወረ። በቅርብ ዓመታት ከ40,000 በላይ ሰው የሚገኝበት ይህን የሚያህል ዝግጅት የሚመሩት ክፍያ የማይቀበሉ በጎ ፈቃደኞች መሆናቸው እኔን እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል። በር ላይ ሰልፍ የሚያስተካክለውም፣ አዳራሽ ውስጥ ድምፅ ማጉያ የሚያገናኘውም ለአኒሜ ባለው ፍቅር ዕረፍቱን የሰጠ ሰው ነው። በዓሉን አፍቃሪዎቹ ራሳቸው የሚደግሱት መሆኑን ካወቅሽ የልጅሽ ድካምም የዚያው ድግስ አካል ሆኖ ይታይሻል ብዬ አምናለሁ።

ሰይፉ ከፎም የተሠራ ከሆነ ብዙ አትጨነቂ፤ ስለታም ብረትና እውነተኛ መሣሪያ ግን ፈጽሞ አይፈቀድም። ዝርዝሩ በየዓመቱ ሊሻሻል ስለሚችል ከመነሣታችሁ በፊት የዘንድሮውን ደንብ፣ ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች ስለሆኑ ልጆች የተጻፈውን ጨምሮ፣ በድረ ገጹ ላይ አንብቢው። በባቡር ስትሄዱ ሰይፉን በጨርቅ ጠቅልላችሁ ወይም በረጅም ቦርሳ ከታችሁ ያዙት፤ ነገሩን የማያውቅ ተሳፋሪ እንዳይደነግጥ ይህ ተገቢ ጥንቃቄ ነው። መንገዱ ቀላል ነው፤ ከስልቨር ስፕሪንግ በቀዩ መስመር ተሳፍራችሁ ፎርት ቶተን ላይ ወደ አረንጓዴው ትቀይራላችሁ፤ ከዚያ አምስተኛው ጣቢያ ማውንት ቨርነን ስኩዌር ነው።

የመግቢያ ባጁን ከቻላችሁ ከቅዳሜ በፊት ውሰዱ፤ የቅዳሜ ጠዋት ሰልፍ ረጅም ነው። ከገባችሁ በኋላ ሁሉንም ለማየት አትሞክሩ። በአንድ ሰዓት ውስጥ የፓናል ውይይት፣ የፊልም ትርዒት፣ የጨዋታ አዳራሽና የኮስፕሌይ (እንደ ልጅሽ ገጸ ባሕርይ መስለው የሚለብሱ ሰዎች) ስብሰባ ጎን ለጎን ስለሚካሄዱ ሁለት ወይም ሦስት ፓናል መርጣችሁ የቀረውን ጊዜ ለአርቲስት አሊ ብትሰጡት ይሻላል። አርቲስት አሊ ሠዓሊዎች በየጠረጴዛቸው ተቀምጠው የራሳቸውን ሥዕል፣ ተለጣፊ፣ የቁልፍ ማንጠልጠያና ያሳተሙትን ማንጋ፣ ማለትም በጃፓን ስልት የተሣለ የሥዕል ታሪክ፣ የሚሸጡበት መደዳ ነው። የዚህ ልማድ መነሻ ሩቅ ነው፤ በ1975 ቶኪዮ ውስጥ 32 የአፍቃሪዎች ቡድኖች የራሳቸውን መጽሔት ይዘው ተሰብስበው ኮሚኬት የተባለውን ገበያ ጀመሩ፤ እርሱም ዛሬ በዓለም ከታወቁት እጅግ ታላላቅ የኮሚክ ገበያዎች አንዱ ሆኗል። ልጅሽ ሥዕል የምትወድ ከሆነ ከአንዱ ሠዓሊ ጋር አሥር ደቂቃ እንድትነጋገር ተያት። የእኔ ታላቅ ልጅ የእጅ ሥዕልን ወደ ኅትመት እንዴት እንደሚያዘጋጁት የተማረችው እዚያ ጠረጴዛ አጠገብ ቆማ በመጠየቅ ነው።

መልስ፦ መርፌና ክር

ጤና ይስጥልኝ። ኮስፕሌይ መሥራት ከጀመርሁ ስድስት ዓመት ሆኖኛልና ስለ ልብሱ ጥያቄዎ እኔ ልመልስልዎ።

አራት ወር ብዙ አይደለም፤ አንድ ዓመት የሚወስድ ልብስ አለ። ኮስፕሌይ የሚለው ቃል በጃፓን የተስፋፋው በ1980ዎቹ ሲሆን፣ በአለባበስ መጫወት ማለት ይሁን እንጂ ለብዙዎቻችን ትልቁ ነገር ሥራው ነው። በኮስፕሌይ ውድድር የእጅ ሥራ የሚመዝኑ ዳኞች ልብሱን ገልብጠው የውስጥ ስፌቱን ይመለከታሉ፤ ጠርዙ ተጠቅልሎ መሰፋቱን፣ ገበሩ ሳይጎተት መተኛቱን፣ ዚፑ ሳይታይ መግባቱን ይመረምራሉ፤ ተወዳዳሪውም ሥራው ደረጃ በደረጃ ሲሠራ ያነሣውን ፎቶግራፍ ይዞ ይቀርባል። እንግዲህ እርስዎ ዕድሜዎን የሠሩበት ሙያ እዚያ ቤት ከሁሉ በላይ የሚከበር ነው። እኔ መጀመሪያ ካባ ስሰፋ ጨርቁን በክሩ አቅጣጫ ሳይሆን ባገኘሁት በኩል ቆርጬው እየተጣመመ አስቸገረኝ፤ ስህተቴን በአንድ ቀን ያሳየችኝ በሲንጀር መኪና ቀሚስ ስትሰፋ ያሳደገችኝ አክስቴ ናት። ልጅዎ ፎም መቁረጥን ከኢንተርኔት ትማረዋለች፤ የካባውን አወዳደቅ ግን ከእርስዎ የተሻለ የሚያስተምራት አይኖርም።

ለዕለቱ ደግሞ መርፌ፣ ክር፣ መርፌ ቁልፍና ሙጫ በትንሽ ከረጢት ይያዙ፤ ከሰዓት በኋላ አንድ ነገር መላቀቁ አይቀርም። ጫማው የሚያቆስል ከሆነ ሌላ ምቹ ጫማ ያስፈልጋታል፤ ሕንፃው ከሰባተኛው እስከ ዘጠነኛው ጎዳና የተዘረጋ በመሆኑ የእግሩ መንገድ ቀላል አይደለም። ፎቶግራፍ ልናንሣሽ የሚሏት ብዙዎች ይሆናሉ። ጨዋው ልማድ አስቀድሞ ማስፈቀድ ነው፤ እርሷም አልፈልግም ማለት እንደምትችልና ልብሷን መንካት ለማንም እንዳልተፈቀደ ከቤት ሳትወጡ ይንገሯት።

መልስ፦ የቅዳሜ ተጓዥ

ስለ ጾሙ ልጨምር። በ2025 ዝግጅቱ ከኦገስት 8 እስከ 10 ስለዋለ ቅዳሜው ነሐሴ 3 ነበር፤ እኔም እየጾምሁ ዋልሁ። ቅዳሜና እሑድ ከጥሉላት መከልከል እንጂ እስከ ሰዓት መቆየት ስለሌለ ረሃብ አያስጨንቃችሁም። አዳራሽ ውስጥ የሚሸጠው በአብዛኛው ሥጋና አይብ ያለበት ፈጣን ምግብ ነው። ስለዚህ ቆሎና ፍራፍሬ ይዛችሁ ግቡ፤ ምሳ ሲደርስ ግን ወጥታችሁ በአረንጓዴው መስመር አንድ ጣቢያ ወደ ሻው ብትሄዱ በዘጠነኛው ጎዳና ላይ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች የጾም በያይነቱ ታገኛላችሁ። ጥሩር ለብሰው ሽሮ ፊት የተቀመጡ ልጆችን እዚያ አይቻለሁ፤ አስተናጋጆቹም በደስታ ነበር የተቀበሏቸው። ውኃ ሳትይዙ እንዳትወጡ፤ የዲሲ የኦገስት ሙቀት በካባና በዊግ ሲሆን ይጠናል።

ጠያቂዋ፦ ገበርና ጥልፍ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ልጄ ካባውን እንድታሳየኝ ጠየቅኋትና ገልብጬ አየሁት። ስፌቱ ቀጥ ያለ ነው፤ ገበር ግን የለውም፤ ጠርዙም ሳይጠቀለል ቀርቷል። ስለ ዳኞቹ የተጻፈውን ሳነብላት፣ «ገበር ማስገባት ስለማልችል ትቼው ነው እንጂ አስቤበት ነበር፤ ብጠይቅሽ የምትቆጪኝ መስሎኝ ነው» አለችኝ። ሐር የሚመስል ቀይ ጨርቅ ከድሮ ሥራዬ የተረፈኝ አለ። ነገ ከሥራ ስመለስ አብረን እንቆርጠዋለን።