«ድንጋይ ጊዜው ያለፈበት ነገር ነው» ያለው ሰውዬ ና እስኪ

የጦሳ ልጅ፦ ትናንት ማታ ሬዲዮ ላይ አንድ ሰውዬ ስለ ደሴ መንገድ ሲያወራ ሰማሁት። የውስጥ ለውስጡ ኮብልስቶን ተነስቶ በኮንክሪት ታይል ይተካ ባይ ነው። ይሁን፣ ሐሳብ ነው። ግን መሐል ላይ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ድንጋይ ጊዜው ያለፈበት ነገር ነው።» ሻዬ ትን አለኝ። ወሎ ላይ ቁጭ ብሎ! የላሊበላ 11 አብያተ ክርስቲያናት ከምን ተፈልፍለው ነው፣ ከፕላስቲክ?

ሲቪሉ፦ ላሊበላ ላይ ሲኖትራክ አይወጣም ወንድሜ። ሰውዬው ስለ መንገድ ነው ያወራው። ሙያዬ ስለሆነ ልንገርህ። ታይል ልኩ አንድ ዓይነት ነው፣ ላዩም ለጥ ያለ። ዊልቸር ይሄድበታል። ለእግረኛ 6 ሴንቲ፣ መኪና ለሚነዳበት 8 ሴንቲ ውፍረት ያለውን ታነጥፋለህ። ቱቦ ፈነዳ? ነቅለህ፣ ጠግነህ፣ ያንኑ መልሰህ ትደረድራለህ። ኮብልስቶን ላይ በታኮ ጫማ የሄደች ሴት ጠይቅ እስኪ።

የሰኞ ገበያዋ፦ ተጠየቅሁ እንግዲህ። ኮብልስቶኑ ታኮዬን በልቶታል፣ አልዋሽም። ታይሉ ግን ነጠላዬን ነው የበላው። እኛ ሰፈር መውረጃው ላይ አምና ተነጠፈ። ክረምት ሲገባ በየመሐሉ የነበረውን አሸዋ ጎርፉ ጠርጎት ወረደ። አሁን አንዳንዱ ታይል እንደ ወላለቀ ጥርስ ይነቃነቃል። አንዱን ጫፍ ስትረግጡት በሌላው ጫፍ ጭቃ ውሃ ይተፋል። ቅዳሜ ሠርግ ልሄድ ነጭ ለብሼ እስከ ጉልበቴ ቀባኝ። አሁን የትኞቹ እንደሚተፉ ለይቻቸዋለሁ። እየዘለልኩ ነው የምወርደው፣ ሰኞ ማክሰኞ እንደሚጫወት ልጅ።

ሲቪሉ፦ እሱ የታይሉ ጥፋት አይደለም፣ የአነጣጠፍ ነው። ቁልቁለት ላይ ከታች ጀምረህ ወደ ላይ ነው የምትደረድረው። ዳሩን በከርብስቶን፣ ማለት በጠርዝ ድንጋይ፣ ካላሰርከው ይንሸራተታል። መኪና ፍሬን የሚይዝበት ቦታ ላይ በቀጥታ መስመር ሳይሆን በሰያፍ እያቆላለፍክ ነው። ሥሩ በደንብ ካልተጠቀጠቀና ውሃው መውጫ ካልተበጀለት ላዩን ወርቅ ብታነጥፍበትም ይሰምጣል።

የጦሳ ልጅ፦ «የአነጣጠፍ ነው» አለ! እኛ ጋ መቼም ሁሌ የአነጣጠፍ ነው። ታይሉ ንጹሕ፣ ኢንጂነሩ ንጹሕ፣ ጥፋተኛው ዝናቡ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ጦሳ ተራራ ሥር የተለጠፈች ከተማ ናት። ክረምት ሙሉ ውሃው በጓሯችን አድርጎ ወደ ቦርከና ወንዝ ይወርዳል። እዚህ ላይ ነው በሰያፍ እያቆላለፉ የሚያነጥፉልን? አብሽር!

መዶሻ፦ ዲግሪ ይዤ ሁለት ዓመት ኮብልስቶን ፈልጫለሁ። ሳቁ፣ ያኔም ተስቆብኛል። ድንጋዩ ከዚሁ ከተራራችን ነው። መዶሻና መሮ ይዘን፣ በማኅበር ተደራጅተን እንጀራ በልተንበታል። ለታይል አንድ ማሽንና ጥቂት ሰው ይበቃል። ሲሚንቶው ደግሞ ከሩቅ ተጭኖ ነው የሚመጣው። ሲሚንቶ የጠፋ ጊዜ ምን ልታነጥፉ ነው፣ ሰሌን? ያ ሰውዬ «ጊዜው ያለፈበት» ሲል እኔን ነው የመሰለኝ።

አባ ሙጋድ፦ ልጆቼ፣ ድንጋዩንም አታሞግሱት። ጎማ ሲልገው ኖሮ ልሙጥ ሆኗል። ካፊያ ሲያርፍበት አህያ እንኳ ያንሸራትታል፣ ከነጭነቷ ስትወድቅ አይቻለሁ። ታይሉ ለከዘራዬ ይስማማል። ግን ሰፊ አደባባይ አነጠፉና አንድ መቀመጫ፣ አንድ ጥላ የለውም። ሽማግሌ የት ይረፍ?

የጦሳ ልጅ፦ አባባ፣ እርስዎ ካሉማ እቀበላለሁ። ሬዲዮ ላይ ያለውን ሰውዬ ግን አልቀበልም።

ሐረጎ ቁልቁል፦ ኮምቦልቻ ሜዳ ነው፣ ታይሉ ተስማምቶናል። እኛ ጋ ጥቁሩ ድንጋይ ፀሐይ ሲጠጣ ውሎ ማታም ይፋጃል። ታይሉ ነጣ ስለሚል ይሻላል። የዳገታችሁን ነገር እዚያው ተነጋገሩ።

የሰኞ ገበያዋ፦ ኮምቦልቻ ደግሞ ማን ጠየቃት? በመንገድ ክርክር ሙቀቷን ይዛ ትመጣለች።

ሐረጎ ቁልቁል፦ አውሮፕላን ስትሳፈሩ ግን እየሮጣችሁ የምትመጡት እኛ ጋ ነው።

መዶሻ፦ ሁለታችሁም ውጡልን እስኪ፣ ስለ ድንጋይ እያወራን ነው።

የጦሳ ልጅ፦ ሲቪሉ፣ አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ። ታይሉ ውስጥ ምን አለ? አሸዋ፣ ሲሚንቶ፣ ጠጠር። ጠጠሩ ከምን ተፈጨ?

ሲቪሉ፦ ከድንጋይ። ታዲያ ምን ይሁን?

የጦሳ ልጅ፦ ጊዜው ካለፈበት ድንጋይ! ፈጭተው ሲሚንቶ ቀቡትና ጊዜው ተመለሰለት?

ሲቪሉ፦ በቃ፣ ሰውዬውን አፉን አዳልጦት ነው እንበል።

መዶሻ፦ ታይል ላይ ቆሞ ነበራ።

ሲቪሉ፦ ቀልዱ ይቅርና የዊልቸሩን ጥያቄ አልመለሳችሁልኝም። አንዳችሁም!

የሰኞ ገበያዋ፦ ኧረ ይልቅ የጭቃውን እድፍ ከነጠላ በምን እንደማስለቅቅ የሚያውቅ አለ? በሎሚ ሞክሬው ጭራሽ ተንሰራፋ።