የድኩላ ግልገል ከፋሲካ በጎች ጋር አንድ ግቢ ውስጥ ናት፤ ምን ላድርግ?

ሰብሊ፣ 4 ኪሎ (ጠያቂ)፦ ሰላም ቤቶች። ወንድሜ ከመናገሻ ሲመለስ ልጆች መንገድ ዳር የድኩላ ግልገል ሲሸጡ አገኘ። «እናቷ ሞታለች» አሉት፤ አንጀቱ አልችል ብሎት ገዝቷት መጣ። እኛ ጋ አምስት ቀኗ ነው። የላም ወተት በጡጦ ሰጥተናት ሆዷ ተበላሽቷል። ለፋሲካ የተገዙ ሁለት በጎችም እዚያው ግቢ ናቸው። አንደኛው ከትናንት ጀምሮ ያስለዋል፣ አፍንጫውም ይዝረበረባል። አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ ደግሞ «እዚህ የአጋዘን ግልገል አሳድጎ መልቀቅ ብዙ ቦታ ተከልክሏል፣ እያመነመነ የሚገድል በሽታ አለ» ብላ አስፈራራችኝ። እስክትጠነክር ይዘን እንጦጦ ብንለቃትስ?

ኩኩ ፒያሳ፦ ሁለት በግ ለገዛ አንድ ድኩላ ምርቃት? 6 ኪሎ አንበሳ ግቢ ውሰጃትና ተገላገይ።

የእንስሳት ሐኪም፦ የአክስትሽ ልጅ እውነቷን ነው፣ ግን ለዚያ አገር። በሽታው መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1967 ኮሎራዶ ውስጥ ነው። መድኃኒትም ክትባትም የለውም። የያዘው እንስሳ ከዓመት በላይ ጤነኛ መስሎ ይቆያል፤ አፈሩ ውስጥም ለዓመታት አይጠፋም። አንዱን ግልገል አዝኖ ወደ ሌላ ወረዳ የሚወስድ ሰው በሽታውንም አብሮ ሊጭን ይችላል። ክልከላው የመጣው ከዚህ ነው።

የቋንቋ ነገር ደግሞ አለ። ፈረንጆቹ «ዲር» የሚሉት፣ ያ በሽታ የሚይዘውም፣ ቀንዱን በየዓመቱ የሚያራግፈውን ወገን ነው። የእኛ ድኩላ ቀንዱን ዕድሜ ልኩን ይሸከማል፤ ዘመዶቹ ከብት፣ በግና ፍየል ናቸው። የባሌው ደጋ አጋዘን እንኳ በስም እንጂ በዘር ከዚያኛው ወገን አይደለም።

እኔን ያስፈራኝ የሚያስለው በግሽ ነው። የበግና የፍየል ደስታ (ፒፒአር) የሚባለው ተላላፊ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ ተራ ጉንፋንም ሊሆን ይችላል። ሳያዩ አይፈረድም። ፒፒአር ድኩላንም ይይዛል። በ1880ዎቹ ክፉ ቀን የከብቱ ደስታ በሽታ በሬውን ብቻ ሳይሆን ጎሹንም ነው የጨረሰው። ስለዚህ እንጦጦ መልቀቅን እርሺው። ዛሬውኑ ለያዪአቸው፤ ባልዲም ሳር መስጫም አይጋሩ። በጎቹን ነክተሽ እጅሽን ሳትታጠቢ ወደ እሷ አትሂጂ። በገመድ አትሰሯት፣ ሰፈሩ ሁሉ እየመጣ አይያት፤ ድኩላን ድንጋጤ ብቻውን ሊገድለው ይችላል። ወተቱ የፍየል ቢሆን ይሻላል፣ ለብ ያለ፣ ጥቂት ጥቂት።

ጡረተኛው ስካውት (የዱር እንስሳት ጠባቂ የነበርኩ)፦ ልጄ፣ እናቷ ሞታለች ያሉትን አልቀበልም። ድኩላ ግልገሏን ቁጥቋጦ ውስጥ ሸሽጋ ትሰማራለች፣ ለማጥባት ትመለሳለች። ልጆቹ ከዚያ አንስተዋት ነው የሚሆነው። ወንድምሽ ከገዛ ደግሞ ነገ ሌላ ያመጣሉ። ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መያዝ ከአዋጅ ቁጥር 541/1999 ጀምሮ ያስቀጣል፤ «አዝኜ ነው» ማለት ፈቃድ አይሆንም። ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ደውይ። በግ እንደታመመም ንገሪያቸው፣ አትደብቂ። ሆለታ አቅራቢያ እንስሳ ኮቴ የሚባል፣ ቦርን ፍሪ የተባለው የእንስሳት በጎ አድራጎት ድርጅት የዱር እንስሳት ማገገሚያ አለ፤ ግን ራስሽ ጭነሽ አትሂጂ፣ በባለሥልጣኑ በኩል ይሁን። አንበሳ ግቢ እኮ የማገገሚያ ቦታ አይደለም።

አሳዳጊ ነበርን፦ አጎቴ ገጠር አንድ ወንድ ድኩላ በጡጦ አሳድጎ ነበር። እንደ ውሻ ይከተለው ነበር። ቀንድ ሲያወጣ ዘበኛውን ጭኑ ላይ ወጋው። ሰው የማይፈራ ድኩላ ጫካ ቢለቁትም ተመልሶ መንደር ነው የሚመጣው። ከዚያ ለውሻና ለቢላዋ ነው።

ሰብሊ፦ ደወልኩ። ነገ ጠዋት እንመጣለን ብለዋል። እስከዚያ ዕቃ ቤት ጨለም ያለ ጥግ አድርገናታል፤ የፍየል ወተትም ከስንት ልመና በኋላ ተገኘ። ወንድሜ አኩርፏል። እናቴ ደግሞ «በጉስ ይታረዳል ወይ?» እያለች ነው።

የእንስሳት ሐኪም፦ ፒፒአር ወደ ሰው አይተላለፍም። ግን ሌላም በሽታ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ሳያየው ቢላዋ አይንካው። መርፌ ከተወጋ ሥጋው እስኪበላ ስንት ቀን መቆየት እንዳለበት ጠይቁ። ለእናትሽ ሁለተኛውን በግ ያዢላቸው፣ እሱም ካላሳለ።