ከወሊድ በኋላ ሽንት ለሚያመልጣት ፊዚዮቴራፒ፣ የሰራችሁ እርዱኝ
እህቶቼ የምታውቁ እባካችሁ መልሱልኝ። ስወልድ እስከ ፊንጢጣ ጡንቻ ድረስ ተቀድጄ ተሰፋሁ፣ ስፌቱ ድኗል ግን ሳስል ወይ ህፃኑን ላነሳ ጎንበስ ስል ሽንቴ ያመልጠኛል፣ ፈስም መቆጣጠር አቅቶኛል። ኬግል (ሽንትና ፈስ የሚይዘውን የዳሌ ወለል ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ) ስሪ ተባልኩ፣ ፈስ እንደመያዝ ወደ ውስጥና ወደ ላይ ስቦ እስከ 10 ሰከንድ መያዝ ከዛ ሙሉ በሙሉ መልቀቅ፣ በቀን 3 ጊዜ ቢያንስ ለ3 ወር። ችግሬ ትክክለኛውን ጡንቻ እየሳብኩ መሆኑን አላውቅም፤ ስሞክር ትንፋሼን እይዛለሁ፣ ሆዴና ቂጤ ይጠነክራል፣ አንዳንዴ እንደውም ወደ ታች የምገፋ ይመስለኛል፣ እሱ ደግሞ ያባብሳል። ፊዚዮቴራፒስት በጣት ወይ በባዮፊድባክ (ጡንቻው ሲሳብ በሚያሳይ መሳሪያ) መርምራችሁ ታውቃለች? ያማል? ተኝቶ መጀመር ነው የሚሻለው ወይስ ቁጭ ብሎ? የወለደች ሴት ሁሉ እንደዚህ ናት ቻይው ሲሉኝ በጣም ይከፋኛል፣ የሚታከም ነገር ነው እኮ። የተሻላችሁ ካላችሁ ከምን እንደጀመራችሁ ንገሩኝ።